የሕዝብ አዳራሽ፣ የግል ቡድን

ከተሞች ከጥንት ጀምሮ ሕዝብ የሚሰበሰብባቸውን አዳራሾች ሲያንጹ ኖረዋል። የአዳራሹ ግንብና ጣሪያ የከተማው ሀብት ለመሆኑ የሚከራከር የለም። በውስጡ የሚያስተጋባው ሆታ፣ የሚፈሰው ላብ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ትዝታ ግን የማን ሀብት ነው? በዩናይትድ ስቴትስ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ የምትገኘው የሲያትል ከተማ ይህን ጥያቄ በምርጫ ካርድም በፍርድ ቤትም ጠይቃ መልሱን በውድ ዋጋ ገዝታዋለች። ታሪኩ የቅርጫት ኳስ ታሪክ ቢመስልም በይዘቱ የሕዝብ ገንዘብ፣ የግል ጥቅምና የባህል ቅርስ ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአዳራሹ አመጣጥ

ሲያትል በ1962 ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ባዘጋጀች ጊዜ የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት መንግሥት በአርክቴክት ፖል ቲሪ ንድፍ አንድ ታላቅ አዳራሽ አሠራ። አዳራሹ በመካከሉ ምሰሶ አልነበረውም፤ ግዙፉ ጣሪያ ያረፈው በዙሪያው በቆሙ የኮንክሪት ድጋፎች ላይ ነበር። ኤግዚቢሽኑ ሲያበቃ ሕንፃው የከተማው ሆኖ ለስፖርትና ለሙዚቃ ትርዒት ዋለ። በ1967 ሱፐርሶኒክስ የተባለው የቅርጫት ኳስ ቡድን ተቋቁሞ በዚሁ ጣሪያ ሥር መጫወት ጀመረ። ስሙን የወሰደው የከተማዋ አውራ ፋብሪካ ቦይንግ በመንግሥት ገንዘብ ሊሠራ ካቀደውና ከድምፅ ይልቅ ይፈጥናል ከተባለለት የመንገደኞች አውሮፕላን ነበር። በ1971 የአሜሪካ ምክር ቤት ገንዘቡን ስላቋረጠ አውሮፕላኑ ሳይሠራ ቀረ፤ በዚያም ወቅት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከሥራ ወጡ። ቡድኑ ግን ስሙን ተሸክሞ ዘለቀ። በ1979 የአገሪቱን ሻምፒዮና ሲያሸንፍ ያ የችግር ዘመን ከሕዝቡ ልብ ገና አልጠፋም ነበርና ደስታው የጨዋታ ደስታ ብቻ አልነበረም።

የማስፈራሪያው ምንጭ

ይሁን እንጂ ሕዝቡ «ቡድናችን» ይበለው እንጂ፣ ቡድኑ በሕግ ፊት የግል ንብረት ነበር። ይህ ጉዳይ በሚገባ ሊጤን የሚገባው ነው። የአገሪቱ ብሔራዊ የቅርጫት ኳስ ማኅበር (ኤን.ቢ.ኤ.) የቡድኖችን ቁጥር ራሱ ይወስናል፤ አንድ ቡድን ከከተማ ወደ ከተማ እንዲዛወር የሚፈቅዱትም ራሳቸው የቡድን ባለቤቶቹ በድምፅ ብልጫ ነው። የቡድኑ ቁጥር ጥቂት፣ ቡድን የሚመኘው ከተማ ግን ብዙ በመሆኑ፣ ባለቤቱ ምንጊዜም «ካላደሳችሁልኝ ወደሚቀበለኝ እሄዳለሁ» ለማለት ይችላል። ማስፈራሪያው ጉልበት የሚያገኘው ከዚህ እጥረት ነው። በመሆኑም ከተማው አዳራሹን የሚያድሰው ሕንፃው ስላረጀ ብቻ ሳይሆን ተጫዋቹ እንዳይሄድበት በመስጋት ጭምር ነው።

ሲያትል ይህን ሥጋት በተደጋጋሚ ቀምሳዋለች። በ1994 እና በ1995 ከተማዋ 74 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጪ አድርጋ የ1962ቱን አዳራሽ አደሰች። ጣሪያው እንዳለ ቀርቶ ወለሉ ወደ ታች ተቆፈረ፤ መቀመጫ ተጨመረ፤ ለባለጸጎች የተለዩ ክፍሎች ተሠሩ። ብድሩ ከአዳራሹ ገቢ እንዲከፈል ታሰበ፤ ቡድኑም እስከ 2010 የሚዘልቅ የኪራይ ውል ፈረመ። በዚያው በ1995 የአካባቢው ሕዝብ ለቤዝቦል ስታዲየም የቀረበለትን የግብር ጥያቄ በድምፁ ውድቅ ቢያደርገውም፣ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ብዙም ሳይቆይ በሌላ መንገድ አጸደቀው። ከ1996 ጀምሮ በአውራጃው ምግብ ቤቶች ሽያጭ ላይ ልዩ ግብር ተጣለ፤ በከተማዋ እንጀራና ወጥ የሚያቀርቡ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ሳይቀሩ የዚህ ግብር ተካፋዮች ሆኑ። በ1997 ደግሞ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑ እንዳይሰደድ ሲባል ሌላ ስታዲየም በጠባብ የድምፅ ብልጫ ተፈቀደ። በ2000 ኪንግዶም የተባለው አሮጌ ስታዲየም በፈንጂ ሲፈርስ ዕዳው ገና ተከፍሎ አላለቀም ነበር። ሕንፃው አፈር ሆነ፤ ዕዳው ግን ለዓመታት ቆሞ ቀረ።

የሕዝቡ መልስ

በ2001 የስታርባክስ ቡና ድርጅት መሪ ሃዋርድ ሹልትዝና ጓደኞቹ ሱፐርሶኒክስን በ200 ሚሊዮን ዶላር ገዙ። በታደሰ በ10 ዓመቱ አዳራሹ ዳግም «አርጅቷል፣ ጠብቧል» ተባለ፤ በ2006 ባለቤቶቹ 220 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሚፈጅ እድሳት በሕዝብ ገንዘብ እንዲደረግ ጠየቁ። መልስ ሲያጡም በዚያው ዓመት ቡድኑን በ350 ሚሊዮን ዶላር ለኦክላሆማ ሲቲ ባለሀብቶች ሸጡት። በዚህ ጊዜ «ለበለጠ አስፈላጊ ነገሮች የቆሙ ዜጎች» የተሰኘ ማኅበር ጉዳዩን ለሕዝበ ውሳኔ አቀረበ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ከተማው ለግል የስፖርት ቡድን ገንዘብ የሚያወጣ ከሆነ ቢያንስ የመንግሥት ቦንድ የሚያስገኘውን ያህል ትርፍ ያግኝበት የሚል ነው። በኅዳር 2006 ከመራጮች 74 በመቶ ያህሉ ደገፉት። ይህ ድምፅ የስፖርት ጥላቻ አልነበረም፤ ሦስት ጊዜ የከፈለ ሰው በአራተኛው ሒሳቡን እንዲያዩለት መጠየቁ ነበር።

አዲሶቹ ባለቤቶች በ2007 በአጎራባቿ ሬንተን ከተማ 500 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ አዲስ አዳራሽ እንዲሠራ ሐሳብ አቀረቡ፤ ምክር ቤቱ አልተቀበለውም። በዚያው ዓመት ከባለድርሻዎቹ አንዱ ቡድኑ የተገዛው በሲያትል እንዲቀር ታስቦ አለመሆኑን ለጋዜጣ በመናገሩ ማኅበሩ 250 ሺህ ዶላር ቀጣው።

በሌላ በኩል የኦክላሆማ ሲቲን ሕዝብ ተሞኝቷል ማለት ከታሪክ እውነት መራቅ ነው። ያ ሕዝብ በ1993 በፈቃዱ ራሱ ላይ የ1 ሳንቲም የሽያጭ ግብር ጥሎ፣ በ2002 የተከፈተውን አዳራሽ ሠራ፤ በ2005 በአውሎ ነፋስ የተፈናቀለውን የኒው ኦርሊንስ ቡድን ተቀብሎ አስተናገደ። በመጋቢት 2008 ደግሞ ለአዳራሹ እድሳትና ለመለማመጃ ስፍራ 120 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሚያስገኝ ግብር በድምፁ አጸደቀ። አንዱ ከተማ እንቢ ሲል ሌላው እሺ አለ፤ በሁለቱም ወሳኙ ሕዝብ ነበር። በሁለቱ ሕዝቦች መካከል ቆሞ ያተረፈው ግን የንብረቱ ባለቤት ነው።

ገጣሚው በምስክርነት

ሲያትል የኪራይ ውሉ እስከ 2010 እንዲከበር ክስ መሠረተች፤ ክርክሩም በሰኔ 2008 ተሰማ። በዚህ ክርክር ውስጥ ለተውኔት የሚበቃ ቅራኔ ተገለጠ። በአገሪቱ በየጊዜው አዳራሽ ይሠራልን የሚሉ ባለቤቶች ቡድን ለከተማ ሀብትና ሥራ ያመጣል እያሉ ሲሟገቱ ኖረዋል። ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ግን የቡድኑ ጠበቆች ቡድኑ ቢሄድ ከተማዋ አንዳች የኢኮኖሚ ጉዳት እንደማይደርስባት፣ ሕዝቡ ገንዘቡን በሌላ መዝናኛ እንደሚያወጣው ተከራከሩ። የኢኮኖሚ ሊቃውንቱ ሮጀር ኖልና አንድሩ ዚምባሊስት በ1997 ባሳተሙት ጥናት ከዚሁ ድምዳሜ ቀድመው ደርሰው ነበር፤ ስታዲየም ለከተማ ኢኮኖሚ የሚያስገኘው ጥቅም ከወጪው ጋር እንደማይመጣጠን አሳይተዋል።

ቅራኔው ግን በአንድ ወገን ብቻ አልቀረም። ቡድኑ ለኢኮኖሚው እምብዛም ዋጋ የለውም የሚል ድምፅ ከከተማው ምክር ቤት ውስጥ ሳይቀር ተሰምቶ ነበር፤ አሁን ግን ከተማዋ ቡድኑ በገንዘብ የማይተካ ሀብት መሆኑን ማስረዳት ግድ ሆነባት። ሒሳብ አዋቂ ብቻውን የሚያስረዳው ነገር ስላልነበረ፣ ደራሲና ገጣሚ ሸርማን አሌክሲ ወደ ምስክርነት ወንበር ተጠራ። የስፖካን ነባር ሕዝብ ተወላጅ የሆነው ይህ ደራሲ የዘወትር ተመልካች ነበርና ጨዋታው በተራ ሰው ሕይወት ውስጥ ያለውን ስፍራ መሰከረ። አንድ ከተማ ስለ ፍቅሩ ለማስረዳት ገጣሚ መጥራቱ ለጥበብ ክብር ነው፤ ሆኖም የዘገየ ጥሪ ነበር። ፍቅሩ በውሉ ውስጥ አልተጻፈምና።

ዳኛዋ ፍርዳቸውን ሊሰጡ በተዘጋጁበት ቀን፣ ሐምሌ 2 ቀን 2008፣ ሁለቱ ወገኖች ታረቁ። ባለቤቶቹ 45 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው ቡድኑን ወሰዱ፤ ስሙና ቀለሙ በሲያትል ቀረ። 41 ዓመት የኖረው ቡድን በኦክላሆማ «ተንደር» ተብሎ ተጠራ።

ከታሪኩ የሚቀረው

ከዚያ በኋላ የሆኑት ሁለት ነገሮች ሊታለፉ አይገባም። የመጀመሪያው የሴቶቹ ቡድን የስቶርም ዕጣ ነው። ይህ ቡድን ከወንዶቹ ጋር አብሮ ተሸጦ ነበር፤ በ2008 ግን የሲያትል ሴቶች ገዝተው በከተማው አስቀሩት፤ በ2010፣ በ2018 እና በ2020ም ሻምፒዮን ሆነ። ሁለተኛው የጣሪያው ዕጣ ነው። በ2017 አዳራሹ በከተማው የቅርስ መዝገብ ሰፈረ። በመሆኑም ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የግል ካፒታል የፈሰሰበት ግንባታ ሲጀመር፣ 20 ሺህ ቶን ያህል የሚመዝነው የ1962ቱ ጣሪያ በጊዜያዊ ድጋፎች ተይዞ ሥሩ ተቆፈረ፤ አዳራሹም በ2021 እንደ አዲስ ተከፈተ። በ2006 የሕዝብ ገንዘብ ካልፈሰሰ አይሆንም የተባለው እድሳት ከ15 ዓመት በኋላ በግል ገንዘብ ሆነ። የኦክላሆማ ሕዝብ በበኩሉ በ2023 ቢያንስ 900 ሚሊዮን ዶላር ለሚፈጅ አዲስ አዳራሽ ዳግም ግብር አጸደቀ፤ የቡድኑ ድርሻ 50 ሚሊዮን ነበር። በ2025 ቡድኑ ሻምፒዮን ሲሆን ያ ሕዝብ በአደባባይ ጨፈረ፤ ደስታውም የራሱ ነው፤ ከፍሎበታልና።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ጣሪያው ከነግርማው የቆየው የሕዝብ ንብረት ሆኖ በቅርስነት ስለተመዘገበ ነው። ቡድኑ የሄደው የሚወደውና የሚሸጠው የተለያዩ ስለነበሩ ነው። ለቲያትር ቤት ይሁን ለስፖርት አዳራሽ የሕዝብ ገንዘብ ሲጠየቅ፣ ግንቡ ምን ያህል ይፈጃል ከማለት አስቀድሞ፣ በግንቡ ውስጥ የሚኖረው ነፍስ በማን ስም ተጽፏል ብሎ መጠየቅ ይገባል። ይህ ጥያቄ መነሣት ያለበት ውሉ ሲፈረም ነው፤ ጓዝ ሲጫን የሚጠራ ገጣሚ ከእንባ በቀር የሚያተርፈው የለም።