ዜና ሐሙሲት ዘምድረ ደራ

ሐሙሲት ስሟ ሳይሰማ፣ የዚያ ወገን ትልቁ ገበያ ቆራጣ ነበር። ቆራጣ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለች፣ በቡናዋና በነጋዴዎቿ ስመ ጥር የነበረች ከተማ ናት። ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት በያዙ ጊዜ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ እምቢ ብላ፣ ባሏን ትታ መነነች፤ በ1635 ዓ.ም. ካረፈች በኋላም ማኅበሯ በቆራጣ ጸና። ስለ ቆራጣ ደብር ክብርም መኳንንቱ ሳይቀሩ ከበቅሏቸው ወርደው በእግራቸው ይገቡ ነበር ይባላል።

በ1858 ዓ.ም. በወርኃ የካቲት ዐፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዝ ንግሥት መልእክተኛ የሆነውን ራሳምን በቆራጣ አስቀመጡት። ከመቅደላ እስራት የተፈቱት የእንግሊዝ ቆንስል ካሜሮንና ጓደኞቹም መጥተው ተገናኙት። እንግዶቹ ወደ አገራቸው ሊሄዱ በተነሡ ጊዜ ግን ንጉሡ አስያዟቸው። ክረምቱ ሲገባም በሠራዊቱ መካከል ኮሌራ ገብቶ ብዙ ሰው ፈጀ።

ከዚያም ዘመን ተለወጠ። ከባሕር ዳር ጎንደር የሚሄደው የመኪና መንገድ ከሐይቁ ዳር ርቆ በላይ በኩል አለፈ፤ ታንኳ ያከበራት ቆራጣ ከመንገድ ወጣች። ከባሕር ዳር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ወደ አንበሳሜና ወደ እስቴ የሚወስደው መንገድ ከሚገነጠልበት ዘንድ፣ በሐሙስ ገበያዋ የተጠራችው ሐሙሲት ከፍ ከፍ አለች።

ሐሙስ ሐሙስ የደራ ሰው ወደ እርሷ ይጎርፋል። አህያው ጤፍ ጭኖ፣ ሴቲቱ ቅቤዋን በቅል ይዛ፣ ጎረምሳው የፎገራ ወይፈን እየነዳ ይመጣል። ደላላው የሻጭና የገዢን እጅ እያጋጠመ ዋጋ ያስቆርጣል፤ ባጃጁም በአህዮቹ መካከል ጥሩንባውን እየነፋ መንገድ ይለምናል። እህል ገዢው ጆንያውን ፈትቶ፣ ፍሬውን በመዳፉ አሻሽቶ፣ እፍ ብሎ ገለባውን ካላየ በቀር ብሩን አያወጣም።

ሩዝም አለ። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግና የገበሬዎች አምራች ማኅበር ሩዝ አዘሩ፤ ጅግናም የደራ ቀበሌ ናት። ገበሬው መጀመሪያ የማያውቀውን እህል፣ የጉማራ ወንዝ ውኃ በሚተኛበት ረግረግ እንደሚይዝ ባየ ጊዜ ወደደው። «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ የዚያችን ቀበሌ ስም ይዞ ወጣ፤ ሩዙም ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሆነ። ከነገሥታቱ ሥራ ሁሉ ይልቅ የዚህ ገበሬ ሥራ መጻፍ ይገባዋል እላለሁ።

አሁን ቆርቆሮ ቤቱ ወደ ማሳው እየገፋ ነው። ከከተማው ሰው መካከል ዛሬም በሬ ያለው አለና፣ መሬቱ ለቤት ሲቆረስ ተገቢው ካሣ ሊከፈለው ግድ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በወርኃ ግንቦት 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በባሕር ዳር ተመረቀ። ከሐሙሲት ሩዝና ጤፍ ጭኖ ባሕር ዳር የሚገባ መኪናም ዓባይን በእርሱ ላይ ይሻገራል።