ዓሣው ክረምት ላይ የት ይሄዳል?

ባሕር ዳር ያደገ ሰው ስለ ዓሣ ሲጠየቅ ትንሽ ይኮራል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ቆሮሶን ከአምባዛ ከለየሁ፣ ጉላሽና ዱለት ካዘዝኩ፣ ሌላ ምን ይቀረኛል? ታዲያ አንድ የነሐሴ ቀን ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚያጸዱ ልጆች ጋ ቆሜ ሳይ፣ ቢላዋው የነጭ ዓሣ ሆድ ከፈተና ዕንቁላል ተዘረገፈ። ቀጣዩም እንደዚያው። የሚቀጥለውም። ሻላዎቹ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቁ ነበርና ዕንቁላሉ ከሆድ ዕቃው ጋር ተጣለላቸው። ልጁን ብጠይቀው ክረምት መሆኑን ነገረኝ። ክረምት መሆኑንማ ዝናቡ እየደበደበኝ ስለነበር አውቄዋለሁ! ያላወቅሁት ሌላ ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ጣና ዓሣ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ቆየሁ።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል። ሰፊ ትሪ በሉት። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ጢስ ዓባይ ላይ ወደ 40 ሜትር ይወረወራል፤ ከታች ያለ ዓሣ ያንን ገደል መውጣት አይችልም። ስለዚህ ላይ የቀረው ዓሣ ለብቻው ኖረ፣ ለብቻው ተለወጠ። እኛ በጅምላ «ነጭ ዓሣ» የምንለው ለሳይንቲስቶች 15 ያህል ትልልቅ ዝርያዎች ነው። ጀርመናዊው ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንዳንዶቹን መዝግቧል። ከዝርያዎቹ የአንዱ ሳይንሳዊ ስም ከጎርጎራ፣ የሌላው ደግሞ ከጥንቱ የሐይቁ ስም ከጻና የተወሰደ ነው። ከመካከላቸው ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ ይበላሉ፤ ወገናቸው መንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው መሆኑን ስታስቡ ነገሩ ይገርማል። እንዲህ ያለ የአንድ ቤተሰብ መንጋ በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅም ነበር። እዚያ ከውጭ የገቡ ዓሦች ሲባዙ አብዛኛው ጠፋ። የቀረው የእኛው ነው።

አሁን ወደ ነሐሴው ዕንቁላል ልመለስ። ሐምሌ ላይ ወንዞቹ ሲሞሉ ከነጭ ዓሦቹ ብዙዎቹ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ ግልገል ዓባይና ወደ መገጭ አፍ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ጠጠርና ንጹሕ ውኃ ወዳለባቸው ገባሮች ሽቅብ ይወጣሉ፣ ዕንቁላል ይጥላሉ፣ ጥቅምት አካባቢ ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። በጋውን በሰፊው ውኃ የተበተነው ዓሣ በእነዚያ ሳምንታት በአንድ ጠባብ በር ያልፋል ማለት ነው። በሩ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ሌላ ጥበብ አያስፈልገውም።

ድሮ ግን በሩ ላይ የቆመው ሰው አቅም አልነበረውም። የጣና አሮጌ ዓሣ አጥማጅ ነገደ ወይጦ ነው። ጉማሬ አዳኝ፣ የደንገል ታንኳ ሠሪ፣ የሐይቁን ጠባይ ከማንም በላይ የሚያውቅ ሕዝብ፤ ጎረቤቶቹ ግን በሚበላው ነገር ምክንያት አብረውት ማዕድ ለመቁረስ ሲጸየፉ ኖረዋል። (ዛሬ እኛ ባለ ነጭ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ አምባዛ በሎሚ እያዘዝን ነው። ታሪክ እንዲህ ይቀልዳል።) የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ፀሐይ ላይ ካልደረቀ ይበሰብሳል፣ ነፋስ ሲነሣ ከዳር ርቆ መሄድ አይደፍርም። አጥማጁም ዳር ዳሩን ይዞ በዋናነት ቆሮሶ ያወጣ ነበር። ታንኳ ቅዱስ ነበር እያልኩ አይደለም። ወንዝ ዳር የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ላይ በመበተን ዓሣ የማደንዘዝ ልማድ አለ፣ እሱም የሚመታው የሚራቡትን ነው። ግን ሰፊውን ሐይቅ የጠበቀው የታንኳው ድክመት ነበር።

ይህ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከ1977ቱ ድርቅ ማግስት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የልማት ክፍልና ከኔዘርላንድስ የመጣ የአብያተ ክርስቲያናት ድርጅት፣ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሆነው የጣናን የዓሣ ልማት ፕሮግራም ጀመሩ። የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ መጣ። ሆላንዶቹ ኡርክ ከምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነበሩ። ኡርክ እስከ 1939 ደሴት ነበረች፤ ባሕሯ በግድብ ተዘግቶ ጨዋማነቱን የተወ ሐይቅ ሲሆን ያየች ከተማ ናት። የመጡት በክፋት አልነበረም። የተራበ አገር ዓሣ እንዲበላ፣ ወጣቱም ሥራ እንዲያገኝ ነው። ሆነም። ዓሣ ከባሕር ዳር በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ መግባት ጀመረ።

ግን ሞተሩ ታንኳው የማይደርስበት ደረሰ፤ ክረምት ላይ ደግሞ ከሁሉ የሚያዋጣው ቦታ የወንዙ አፍ ነበር። ተስፋዬ ውድነህ የባሕር ዳርን የሐይቅ ክፍል ዓሦች አጥንቶ በ1998 የዶክትሬት ሥራውን አቀረበ። እሱ ያለበት የተመራማሪዎች ቡድን ከ1991 እስከ 2001 (እ.ኤ.አ.) ያለውን ሲያነጻጽር የትልልቆቹ ነጭ ዓሦች ክብደት በ75 በመቶ ገደማ ወርዶ ተገኘ። በአሥር ዓመት! ነጭ ዓሣ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ዘግይቶ ይራባል፤ ስለዚህ እናቲቱን በሩ ላይ ስትይዛት ብዙ ዓመት የጠበቀ ነገር ነው የያዝከው። አጥኚዎቹ መፍትሔ ያሉት ቀላል ነው፤ በመራቢያው ወቅት የወንዞቹን አፍ መተው። የፌዴራሉ የዓሣ አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል። ወረቀቱ አለ እንግዲህ።

አጥማጁን ብቻ መውቀስ ግን አይዋጥልኝም። የዓሣ ገበያ የሚደምቀው በጾም ነው። (በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለመምህራኑ ትቼዋለሁ።) ሁዳዴ በበጋ ነው፣ ግድ የለም። ፍልሰታ ግን የሚውለው ነሐሴ 1፣ ዓሣው ጉማራን ሲወጣ ነው። በቀሪው ዓመትም ሐይቁ አላረፈም። በ2003 (እ.ኤ.አ.) ውኃው በጣም ወርዶ መርከቦች ቆሙ፤ በ2011 ደግሞ እምቦጭ ታየ። ስለ እምቦጭ ሁላችንም ጮኸናል፣ ዘምተናል፣ ፎቶ ተነሥተናል። ዳር ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይታያላ። መረብ ግን ከውኃ በታች ነው።

ባለፈው ነሐሴ ከጓደኞቼ ጋር ሐይቁ ዳር ምሳ ልንበላ ተቀምጠን አስተናጋጁ ትኩስ ዓሣ እንዳለ አበሠረን። ከየት እንደመጣ ጠየቅኩት። የጥራት ማረጋገጫ የሚሰጠኝ መስሎት፣ ፊቱ ፈክቶ፣ «ከጉማራ አፍ፤ ዛሬ ጠዋት የገባ!» አለኝ።

ሽሮ አዘዝኩ። ጓደኞቼ እስካሁን ይስቁብኛል።