አነስተኛ አውሮፕላኖች ሲነሱ የሚያጋጥም የቁጥጥር ማጣት፦ በደጋማ አካባቢዎች ለሚጓዙ ተገልጋዮች የቀረበ መረጃ

አንድ አነስተኛ አውሮፕላን ከመሬት ተነሥቶ አስተማማኝ ከፍታ እስኪይዝ የሚወስደው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። በዚህ ጊዜ ስህተት ቢፈጠር ወይም ሞተር ቢደክም ለማረም የሚያስፈልገው ፍጥነትም ከፍታም ገና አልተገኘም። ቁጥጥር ማጣት፣ ማለትም አውሮፕላኑ አብራሪው ካሰበለት አቅጣጫና አቋም መውጣቱ፣ በመነሻ ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ሕይወት የሚቀጥፈው በዚህ ምክንያት ነው።

በደቡብ ጎንደር አደጋውን የሚያከብደው የመሬቱ ከፍታ ነው። የፎገራ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከአዲስ ዘመን በላይ ወዳለው ወደ ጣራ ገዳም ሲወጣ መሬቱ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች፤ የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ሙቀት አየሩን ይበልጥ ያሳሳዋል። የደብረ ታቦር የቀትር ሙቀት 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ አውሮፕላኑ የሚነሣው 3,600 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ያህል ነው። በዚህ አየር ቱርቦ የሌለው የፒስተን ሞተር ከኃይሉ ሲሶ ያህሉን ያጣል፤ የመንደርደሪያው ርቀትም በባሕር ወለል ከሚያስፈልገው ከእጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል።

አሳሳቹ ነገር ዓይን የሚያየው ነው። የፍጥነት መለኪያው የተለመደውን ቁጥር ሲያሳይ አውሮፕላኑ በመሬት ላይ የሚሮጠው 20 በመቶ ያህል ፈጥኖ ነው። መንደርደሪያው እያለቀ፣ ዛፉና ገደሉ እየቀረበ ሲሄድ አብራሪው ከመለኪያው ይልቅ ዓይኑን አምኖ አፍንጫውን ያለ ጊዜው ሊያነሣ ይችላል። አውሮፕላኑ ይነሣል፤ ምክንያቱም ከክንፉ ርዝመት በማይበልጥ ከፍታ ላይ የመሬቱ ቅርበት ይደግፈዋል። ከዚያ በላይ ግን መውጣት ያቅተዋል። አብራሪው አፍንጫውን ይበልጥ ሲያነሣ በክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር ይበተናል፤ ባለሙያዎች ስቶል ይሉታል። በዚህ ጊዜ አንዱ ክንፍ ቀድሞ ይወድቃል። በከፍተኛ ሰማይ ላይ ቢሆን አፍንጫን ዝቅ አድርጎ ማዳን ይቻል ነበር።

ሁለተኛው መንስኤ ጭነት ነው፤ ይህ ደግሞ ተጓዡን በቀጥታ ይመለከታል። ከመጠን ያለፈ ክብደት የመነሻ ፍጥነትን ይጨምራል፤ ወደ ኋላ ያደላ ጭነት አፍንጫው ያለ አብራሪው ፈቃድ እንዲነሣ ያደርጋል። አንድ ኩንታል ጤፍ ለመኪና ቀላል ነው፤ አራት መቀመጫ ላለው አውሮፕላን ግን ከአንድ ሰው በላይ ነው። ስለዚህ ተጓዦች የራሳቸውንና የዕቃቸውን ክብደት በትክክል ማሳወቅ፣ ከተመዘነ በኋላም ሌላ ዕቃ አለመጨመር ይጠበቅባቸዋል።

በመነሻ ላይ ኃይል ማጣትና ቁጥጥር ማጣት የተለያዩ ናቸው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ሲነሣ የርግብ መንጋ ወደ ሁለቱም ሞተሮቹ ገባ። ሞተሮቹ ሲጠፉ አብራሪዎቹ ጎማ ሳይዘረጉ በሆዱ አሳረፉት። ከ104 ሰዎች 35 ሞቱ፤ 69 ተረፉ። አውሮፕላኑ ትልቅ ቢሆንም ትምህርቱ ለትናንሾቹም ይሠራል፦ በዝቅተኛ ከፍታ ሞተሩ የጠፋበት የአነስተኛ አውሮፕላን አብራሪ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ከፊቱ ባለው ሜዳ ላይ እንዲያርፍ እንጂ ወደ መንደርደሪያው ለመመለስ እንዳይጠመዘዝ ይሠለጥናል።

አነስተኛ አውሮፕላን የሚከራዩ ዜጎች፣ ለሕክምናም ይሁን ለጉብኝት፣ አጓጓዡ ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ለዚህ አገልግሎት የተሰጠ የጸና ፈቃድ እንዳለው አስቀድመው መጠየቅ ይችላሉ። በደጋማ ቦታ በረራውን ለማለዳ ማስያዝ ተገቢ ነው፤ አየሩ ቀዝቃዛና ይበልጥ የተጠቀጠቀ የሚሆነው ያኔ ነው። አብራሪው በረራውን ቢያዘገይ፣ ዕቃ ቢያስወርድ ወይም ተጓዦችን በሁለት ዙር ለማመላለስ ቢወስን፣ ታማሚ የያዘ ቤተሰብም ቢሆን ውሳኔውን እንዲለውጥ ሊጫነው አይገባም።