ከአንኮበር እስከ ገላን ጉራ፦ ተነሺው ተከራይ በታሪካችን

ከተማ የሚለው ቃል ዛሬ አስፋልትና ፎቅ ነው የሚያሳስበን። አባቶቻችን ግን ከተማ ሲሉ ንጉሥ ድንኳን አስተክሎ፣ ጦሩን አስፍሮ የከተመበትን ቦታ ማለታቸው ነበር። ንጉሡ ሲነሳ ከተማውም ይነሳል። ለዚህ ምስክር ፍለጋ እኛ ሰሜን ሸዋ ያለነው ሩቅ መሄድ የለብንም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ደብረ ብርሃንን ቆርቁረው የንግሥናቸውን የመጨረሻ ዓመታት እዚሁ ተቀምጠው አሳለፉ፤ ለዚያ ዘመን ንጉሥ ይህ ብርቅ ነበር። ልጃቸው በእደ ማርያም ሲነግሡ ቤተ መንግሥቱ እንደገና መንገድ ገባ። ከብዙ ዘመን በኋላም ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (1805–1840) አንድ ቦታ ብቻ አልተቀመጡም፤ አንኮበርን፣ አንጎለላንና ደብረ ብርሃንን እያፈራረቁ ይኖሩባቸው ነበር።

ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ሲነሳ እንዴት ነበር የሚነሳው? መልሱ የማዕረግ ስሞቻችን ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል። ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች ከቀኝ፣ ግራዝማች ከግራ፣ ደጃዝማች ከደጃፉ። እነዚህ ስሞች ሹመት ብቻ ሳይሆኑ አድራሻም ነበሩ ማለት ይቻላል። የጌታው ድንኳን የት እንደሚተከል ከታወቀ የሎሌው፣ የወጥ ቤቷ፣ የአንጥረኛውም ቦታ ይታወቃል። ሰፈሩ ሲነሳ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ይነሳል፤ ሲያርፍም ከዚያው ጎረቤቱ ጋር ያርፋል።

ይህን ስል ያለፈውን ሥርዓት ላሞግሰው አይደለም። ስንቁን የሚያቀርበው ገባሩ ነበር፤ ጦር ያረፈበት አገር ጎተራው ይራቆታል። ከተማው ጥሎት የሚሄደውም ሰው አለ። ምኒልክ በ1857 ከመቅደላ አምልጠው መጥተው አንኮበርን ዳግም መናገሻቸው ካደረጉ በኋላ ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም በ1879 ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ፣ ከአንኮበር ግርጌ ያለችው አልዩ አምባ ምን ቀራት? የሐረርና የታጁራ ነጋዴ ይርመሰመስባት የነበረች ገበያ ነበረች። ቤተ መንግሥቱ ራቀ፣ ቆየት ብሎም የባቡሩ ሐዲድ በሌላ በኩል አለፈ፣ ገበያውም አብሮ ቀዘቀዘ። ለአልዩ አምባ ምትክ የሰጣት የለም።

አዲስ አበባም እንደ ቀደሙት ልትነሳ ጥቂት ነበር የቀራት። ማገዶ አለቀና ምኒልክ አዲስ ዓለም ላይ መሥራት ጀመሩ። ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው ይባላል፤ ዛፉ ቶሎ ስለሚደርስ ከተማው እዚያው ቀረ። በ1900 ደግሞ ቦታ በግል የሚያዝበት፣ የሚሸጥና የሚወረስበት ደንብ ወጣ። ለታሪካችን ትልቁ መታጠፊያ ይህ ይመስለኛል። ከተማው መነሳቱን ሲያቆም ሰው መነሳት ጀመረ። ድንኳኑን ነቅሎ የሚሄድ ጌታ ጠፋ፤ በምትኩ ቦታውን ይዞ ኪራይ የሚቀበል ጌታ መጣ። ሰፈሮቹ በመኳንንቱ ስም ተጠሩ፣ መሬቱም በጥቂት ቤተሰቦች እጅ ቀረ፤ አብዛኛው ነዋሪ የጭቃ ቤት ተከራይ ሆነ።

ጣልያን በ1928 ሲገባ ማንሳት በፕላን የሚሠራ ሥራ ሆነ። የአራዳው ገበያ ከጊዮርጊስ አጠገብ ተነስቶ ወደ ምዕራብ ተወሰደ፤ የዛሬው መርካቶ ከዚያ ነው የተወለደው። ዓላማው ነጩና ጥቁሩ እንዳይጎራበቱ ነበር። ጣልያን ሄደ፣ ገበያው ግን እተወሰደበት ቀረ።

የካቲት 1957 ተማሪው «መሬት ላራሹ» ብሎ ሲወጣ የሚያስበው ስለ ገበሬው ነበር፤ ለከተማው ተከራይ ያን ያህል አልተጮኸለትም። ሆኖም ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ቤት ለቀበሌ ተሰጠ፣ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ። ኪራይም ተቀነሰ። ያን ጊዜ አከራዩን በየወሩ እየፈራ ይኖር ለነበረ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ግን እኮ አከራይነት አልጠፋም፤ አከራዩ ተለወጠ እንጂ። ቀበሌው በሚሰበስበው ኪራይ ጣራ ማስጠገን አልቻለም። ቤቱ አረጀ፣ ልጆች ተወለዱ፣ ቆጥ ተሠራ፣ ከጓሮ ቅጥያ ወጣ። ቅጥያው ውስጥ ደባል ገባ።

ደባሉን አደራ እንያዘው፣ ጉዳዩ ያለው እሱ ዘንድ ነውና። መልሶ ማልማት የሚባለው ሥራ ሲመጣ መዝገብ የሚያውቀው ማንን ነው? የ1997ቱ የማስለቀቂያ አዋጅ ቁጥር 455 ለባለይዞታው ካሳ፣ ምትክ ቦታና ቢያንስ የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ አስቀምጦለት ነበር። የቀበሌ ቤት ተከራይ በአሠራር ሌላ የቀበሌ ቤት ወይም ያለ ዕጣ ኮንዶሚኒየም እንዲመርጥ ይደረጋል፤ ኮንዶሚኒየሙን ከመረጠ ቅድሚያ ክፍያ ይክፈል፣ ቀሪውን ከባንክ ይበደር። ደባሉ ግን የትም የለም። ኪራዩን ለቀበሌ ሳይሆን ለቀበሌው ተከራይ ነው ሲከፍል የኖረው፤ ስለዚህ ቤቱ ሲፈርስ ወረቀቱ ላይ ሰው አልተነሳም ማለት ነው!

ልደታ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሲፈርስ፣ አራት ኪሎ ባሻ ወልዴ ችሎት ሲፈርስ፣ ነዋሪው ጀሞ፣ ገላንና ሌላም ቦታ ተበተነ። የተሰጠው ቤት ከለቀቀው ይሻላል፤ ውሃና የግል መጸዳጃ አለው፣ ጣራውም አያፈስም። ይህን የሚክድ የቀበሌ ቤት ክረምትን አያውቅም። ነገር ግን ጠላ ጠምቃ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ጉሊት ተቀምጣ የምታድር እናት አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ትሥራ? ለማገዶ ጭስ፣ ለበርበሬ ውቀጣና ለበግ ማረጃ ተብሎ ከግቢው ውስጥ የጋራ ቤት ተሠርቷል። ደንበኛዋን ግን ማን አብሮ ያዛውርላት? የባንክ ዕዳውን መክፈል ሲያቅታት ቤቱን ለሌላ አከራይታ ራሷ ርካሽ ጎጆ ፍለጋ ትወጣለች። አምስት ዓመት ሳይሞላ መሸጥ ስለማይፈቀድ ብዙው ያደረገው ይህንኑ ነው። ከተከራይነት ሊያወጣት የታሰበው ቤት መልሶ ተከራይ አደረጋት።

በ2016 የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 መግቢያ ደግሞ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ተነሱ። ከካዛንቺስ ብዙው የቀበሌ ተከራይ አንድ ላይ ገላን ጉራ መስፈሩ፣ በእኔ ግምት ከልደታው አሠራር የተሻለ ነው። ሳይታሰብ የጥንቱን የሰፈር ሥርዓት ይመስላል፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር አረፈ። ፍጥነቱ ግን ለክርክርም ለስንብትም ጊዜ አልሰጠም፤ ደባሉም እንደ ልማዱ ከመዝገብ ውጭ ቀረ።

ይህ ሁሉ የአዲስ አበባ ጉዳይ ነው የሚል ካለ ደብረ ብርሃንን ዞር ብሎ ይመልከት። በ1967ቱ አዋጅ የተወረሱ ቤቶች መሐል ከተማው ላይ እዚህም አሉ። በ2011 ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፤ በየአቅጣጫው ፋብሪካ ተተከለ፤ ከወለጋና ከሌላም ቦታ የተፈናቀለ ወገን መጥቶ ተጠጋ። ሠራተኛውም፣ ተፈናቃዩም፣ እኛ ተማሪዎቹም አንዲት ክፍል የምንከራየው በአብዛኛው ያለ ውል ነው። ነገ ፕላን ወጥቶ ያረጁት ቤቶች ይፍረሱ ቢባል ከቀበሌው ፋይል የሚገኘው የቤት ቁጥርና የአንድ ተከራይ ስም ይሆናል።

የሚኖረውን ሰው የሚያውቅ ሌላ መዝገብ ግን አለ፤ ዕድር። የዕድር ጸሐፊ የካርታና የውል ነገር አይጠይቅም። በየወሩ መዋጮ የሚከፍል፣ ለቅሶ ላይ ድንኳን የሚተክል ማን እንደሆነ ይመዘግባል፤ ብዙ ጊዜም ደባሉ፣ የጓሮ ተከራዩና ባልቴቷ ከባለቤቱ እኩል ስማቸው ይሰፍራል። የታሪክ ክፍል ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ጠፋብን እያልን ከምንዞር፣ ከደብረ ብርሃን አሮጌ ሰፈሮች አንዱን መርጠን፣ የዕድር ዳኛውን አስፈቅደን፣ ያንን ደብተር ከቀበሌው ዝርዝር ጋር ስም በስም ብናስተያየው በአንድ ክረምት የሚያልቅ ሥራ ነው። ልዩነቱ ስንት ሰው እንደሆነ ቤቶቹ ቆመው ሳሉ ይታወቃል።