ተመልሶ የሚነበብ ገጽ፦ በአጸደ ሕፃናት የሒሳብ ማስታወሻ ደብተር ላይ ከኮንስታንስ ካሚ ጋር የሚደረግ ሙግት

በአሜሪካ አጸደ ሕፃናት የአምስት ዓመት ልጆች የሚይዙት «አሳታፊ የሒሳብ ማስታወሻ ደብተር» በአብዛኛው መቀስና ሙጫ የበዛበት ነው። ልጁ የታተመ ወረቀት ይቆርጣል፣ ያጥፋል፣ ይለጥፋል፤ የተለጠፈውን ሲገልጠው ከሥሩ 7 ቁጥርንና ሰባት ጥንዚዛዎችን ያገኛል። ደብተሩ ማማሩን የሚክድ የለም። የሚያከራክረው ልጁ ወረቀት ላይ የሚያኖረው ምልክት የቁጥር አስተሳሰቡን ያሳድገዋል ወይስ ቀድሞ የገባውን ብቻ ይገለብጣል የሚለው ነው። የሕፃናት ሒሳብ ትምህርት ተመራማሪዋ ኮንስታንስ ካሚ ይገለብጣል ባይ ናቸው። እኔ ያሳድገዋል እላለሁ፤ ዋና ምስክሬም በ1986 (እ.ኤ.አ.፣ ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) የታተመው የሥነ ልቦና ተመራማሪው የማርቲን ሂዩዝ «ልጆችና ቁጥር» ነው። ደብተር አዘጋጆች ይህን መጽሐፍ ከፍተው የሚያውቁ አይመስልም።

ስለ ደብተሩ አመጣጥ ብዙ ማለት አያሻም። የአሜሪካ የሒሳብ መምህራን ብሔራዊ ምክር ቤት በ1989 ባወጣው መለኪያ ሒሳብን መግባቢያም አድርጎ አቀረበው፤ በ2000 ደግሞ መግባባትንና ውክልናን ለየብቻ ዘረዘራቸው። በ2010 የወጣው የክፍለ ግዛቶች የጋራ መለኪያ የአጸደ ሕፃናት ልጅ እስከ 100 እንዲቆጥርና ከ0 እስከ 20 ያሉትን አኃዞች እንዲጽፍ ይጠይቃል። መምህራን ደብተር መፈለጋቸው ከዚህ የመጣ ነው።

የካሚ ነገር ግን በጥልቀት መታየት አለበት፤ የተቃውሞው ሁሉ ምንጭ እሳቸው ናቸውና። የሥነ ልቦና ሊቁ የፒያዤ ደቀ መዝሙር እንደመሆናቸው ዕውቀትን በሦስት ይከፍላሉ፦ ከቁሳቁስ የሚገኝ አካላዊ ዕውቀት፣ ከሰው የሚገኝ ማኅበራዊ ዕውቀት፣ ልጁ ራሱ በአእምሮው የሚገነባው አመክንዮአዊ ሒሳባዊ ዕውቀት። የሚወዱት ምሳሌ አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ ጠጠር ነው። ሁለቱ «ይለያያሉ» ስንል ልዩነቱ በቀዩም በሰማያዊውም ውስጥ የለም፤ ሁለቱን ያዛመደው ሰው የፈጠረው ነው። «ሁለት» የሚለውም እንደዚያው። ስለዚህ ቁጥር ከወረቀት ላይ አይገኝም፤ 2 የሚለው አኃዝ በስምምነት የጸና ማኅበራዊ ምልክት ብቻ ነው። ካሚ በ1982 ስለ ቅድመ ትምህርትና አጸደ ሕፃናት በጻፉት መጽሐፍም ሆነ ከዚያ ወዲህ የዳይስና የካርታ ጨዋታን አስበልጠው የመልመጃ ወረቀትን አጥብቀው ነቅፈዋል። በመልመጃ ወረቀቱ ላይ ከእሳቸው ጋር ጠብ የለኝም፤ እንዲያውም ከዚያ በላይ ልናገር እችል ነበር።

ጠቡ የሚጀምረው ከዚህ ወዲያ ነው። በ2002 ካቶ፣ ካሚና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጥናት በርካታ ዕቃዎች ለልጆች እየታዩ በወረቀት እንዲያሰፍሯቸው ተጠየቀ፤ ውጤቱም ከፒያዤ የቁጥር ጥበቃ ፈተና (የዕቃዎች አቀማመጥ ሲለወጥ ቁጥራቸው እንደማይለወጥ ልጁ መረዳቱን ከሚለካው) ጋር ተነጻጸረ። ልጆች ከደረሱበት የረቂቅ አስተሳሰብ ደረጃ ጋር እኩል ወይም ከዚያ ዝቅ ባለ ደረጃ ይወክላሉ እንጂ ከዚያ በላይ አይወክሉም የሚል መደምደሚያ ተሰጠ። ግኝቱን አልጠራጠርም። የምጠራጠረው ከግኝቱ የሚወጣውን ትርጉም ነው። ሁለት ነገሮችን በአንድ ወቅት ጎን ለጎን የለካ ጥናት አንዱ የሌላው መሪ መሆኑን አይነግረንም። ልጁ ወራት ሙሉ ሲጽፍ፣ የጻፈውን ሲያነብና ሲያርም ቆይቶ ቢሆን ደረጃው የት ይደርስ ነበር? ለዚህ ጥያቄ ጥናቱ አልተነደፈም።

የጥበቃ ፈተናውም ራሱ የሚያስተማምን አይደለም። ማክጋሪግልና ዶናልድሰን በ1974 እንዳሳዩት የጠጠሮቹን ረድፍ ጎልማሳው ፈታኝ በእጁ ሲያዛባው ቁጥሩ ተለወጠ የሚሉ ልጆች፣ «ባለጌው» የአሻንጉሊት ድብ ሲያዛባው ግን ብዙዎቹ አልተለወጠም ይላሉ። ፈታኙን እንጂ ቁጥሩን አላነበቡም ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ሚዛን የልጅን የጽሑፍ አቅም ጣሪያ መወሰን አይቻልም።

አሁን ወደ ሂዩዝ። በኤድንብራ ያካሄዱት የጣሳ ጨዋታ ቀላል ነው። አራት አንድ ዓይነት የትምባሆ ጣሳዎች አሉ፤ በአንዱ አንድ፣ በሌላው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት ትናንሽ የመጫወቻ ጡቦች ይገባሉ፤ አራተኛው ባዶ ነው። ተከድነው ቦታቸው ከተቀያየረ በኋላ ልጁ «ሁለቱ ያሉበት የቱ ነው?» ሲባል ከመገመት በቀር ምርጫ የለውም። ከዚያ በየክዳኑ ላይ ቁራጭ ወረቀት ይደረግና እርሳስ ይሰጠዋል፤ ለማወቅ የሚረዳውን ምልክት ያድርግ። ጣሳዎቹ እንደገና ይቀያየራሉ። ትምህርት ቤት ያልገቡት እነዚህ ሕፃናት በአብዛኛው በገዛ ምልክታቸው ተመርተው ትክክለኛውን ጣሳ አነሱ፤ ከቀናት በኋላ ተመልሰው ሲጠየቁም ያነበቡት ብዙዎች ናቸው። ጡቦቹን የሣለ አለ፤ ሦስት ጭረት የጫረ አለ፤ አኃዝ የጻፈም አለ።

ከሁሉ የሚገርመው የባዶው ጣሳ ጉዳይ ነው። አንዳንዶቹ ዜሮ ጻፉ፤ አንዳንዶቹ ግን ወረቀቱን ሆን ብለው ባዶውን ተዉት፤ ተመልሰው ሲያዩትም ባዶነቱን እንደ ምልክት አነበቡት። የግዕዝ አኃዞች ለዜሮ የራሳቸው ምልክት ሳይኖራቸው ዘመናት መሻገራቸውን ላስተዋለ አንባቢ የልጆቹ መላ እንግዳ አይሆንም። ለካሚ ግን አስቸጋሪ ነው። ባዶ ወረቀት ትርጉም የሚያገኘው ከሌሎቹ ሦስት ወረቀቶች አጠገብ ሲቀመጥ ብቻ ነው፤ ዝምድናውንም ልጁ የፈጠረው ወረቀቶቹን አሰልፎ ነው። ካሚ ራሳቸው አመክንዮአዊ ሒሳባዊ የሚሉት ዕውቀት እዚህ የተወለደው ወረቀት ላይ ነው።

ይህ ከሆነ ደብተርን ደብተር የሚያደርገው ሁለት ነገር ነው፦ ልጁ ራሱ የመረጠው ምልክትና ወደ ገጹ ተመልሶ እንዲያነብ የሚያስገድደው ምክንያት። ተቆርጦ የሚለጠፈው ገጽ ሁለቱም የሉትም። ምልክቱን አታሚው መርጦታል፤ ከሥሩ ያለው መልስ ስለታወቀም ልጁን ነገ ወደዚያ የሚመልሰው ነገር አይኖርም። መምህሯ በአንጻሩ ሰኞ ዕለት በከረጢት ውስጥ ስንት ባቄላ እንዳለ እያንዳንዱ ልጅ በደብተሩ እንዲያሰፍር አድርጋ ከረጢቱን አስራ ብታስቀምጥና ሐሙስ ዕለት ከረጢቱ ሳይፈታ ቁጥሩን ብትጠይቅ፣ ሰኞ ባቄላ በባቄላ ላይ ደራርቦ የሣለው ልጅ ችግሩን በገዛ ዓይኑ ያየዋል። የሚቀጥለውን ገጽ ለያይቶ ቢሥል ወይም በጭረት ቢሞላው ማንም አርሞት አይደለም።

የመልመጃ ወረቀት ጠበቆችም ከዚሁ መጽሐፍ የሚያፈገፍጉበት አንድ ግኝት አለ። ሂዩዝ ጡቦች ሲጨመሩና ሲቀነሱ ልጆች በወረቀት እንዲያሳዩ ጠየቁ። ከጠየቋቸው መካከል በክፍላቸው ዘወትር የመደመርና የመቀነስ ምልክት የሚጽፉ ነበሩ። አንድም ልጅ እነዚህን ምልክቶች አልተጠቀመም። ከመልመጃ ወረቀት የተገለበጠ ምልክት የልጁ መሣሪያ እንደማይሆን ሌላ ማስረጃ ጨምሩ የሚለኝ ካለ ይህ አይበቃውም ወይ?

ተቃውሞ አይጠፋም። የአምስት ዓመት ልጅ ጣት ለእርሳስ አልጠናም ይባላል፤ ጭረት ግን ቁም ጽሕፈት አይደለም። ብዙ ልጅ ባለበት ክፍል መምህሯ ሁሉንም ማነጋገር አትችልም ይባላል፤ ገጹ ስለሚቆይ ዛሬ ያልደረሳት ልጅ ነገ ይደርሳታል። የሂዩዝ ጨዋታ አንድ ለአንድ የተደረገና በትንንሽ ቁጥሮች የተወሰነ መሆኑ እውነት ነው፤ ወደ ሙሉ ክፍል ሲወሰድ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ እቀበላለሁ። ጥንቃቄው ግን ሙግቱን አያፈርሰውም።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የ2010ው የኢትዮጵያ የቀዳማይ ልጅነት ፖሊሲ ማዕቀፍ ከአንደኛ ክፍል የሚቀድመው ኦ-ክፍል በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ እንዲከፈት አድርጓል። መቀስና ባለቀለም ወረቀት በሌለበት ክፍል ተለጣፊው ደብተር አይታሰብም፤ ባዶ ደብተር፣ እርሳስና አንድ ከረጢት ባቄላ ግን አይጠፋም። እዚያ የሚያሰጋው ሙጫው ሳይሆን ገጹን ከላይ እስከ ታች በ5 የሚያስሞላው ግልበጣ ነው።

መደበኛው ምልክት መቼ ወደ ደብተሩ ይግባ ለሚለው ሂዩዝ ፍንጭ ትተዋል። በኋላ በሠሩት ሥራ ሕፃናቱ በጣሳዎቹ ክዳን ላይ ማግኔታዊ አኃዞችን ማስቀመጥ ጀመሩ፤ የመደመርና የመቀነስ ምልክቶችም የመጡት ጣሳው ውስጥ የተጨመረውን ወይም የወጣውን ጡብ ለማሳወቅ ሲያስፈልጉ ነው። በደብተሩም ቅደም ተከተሉ ይኸው ይሁን፦ ከረጢቱ ላይ ባቄላ ሲጨመርና የሰኞው ገጽ ለብቻው ሲያሳስት፣ መምህሯ የመደመርን ምልክት ያን ጊዜ ታሳያቸው።