የምክር ሙያ በርቀት ትምህርት፤ ከያዮ እስከ ፕሪቶሪያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማና በበደሌ በኩል ወደ መቱ የሚዘልቅ መንገደኛ ያዮን የሚያገኛት ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ ነው። ከተማዪቱ በጫካ ቡናዋ ስሟ የተጠራ ናት። በዙሪያዋ ያለው ደን ቡና ሳይተከል በተፈጥሮው በቅሎ የሚገኝበት በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ ዘንድ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ክረምቱ ረጅም ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ የቡና ለቀማው ይደርሳል። እንግዲህ በዚች ከተማ የሚያስተምር አንድ መምህር፣ ወይም በጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ነርስ፣ በምክር አገልግሎት ሙያ የማስተርስ ዲግሪ ለመያዝ ቢያስቡ በፊታቸው ያሉት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ሥራንና ቤተሰብን ትቶ ሁለት ዓመት ያህል በትልቅ ከተማ መቀመጥ ነው፤ ይህም ተማሪውን ደመወዙን፣ ከተማዪቱን ደግሞ መምህሯን ወይም ነርሷን ያሳጣል። ሁለተኛው ባሉበት ሆኖ በርቀት መማር ነው። ሁለተኛው መንገድ ረጅም ታሪክ አለው። ታሪኩን በጥሞና የሚከታተል ሰው ምን ዓይነት ዕውቀት በፖስታ እንደሚላክ፣ ምን ዓይነቱ ደግሞ ከመንገድ እንደሚቀር ይረዳል።

በሩቅ ለሚኖሩ ሰዎች ዲግሪ መስጠት በስፋት የተጀመረው በእንግሊዝ አገር ነው። የለንደን ዩኒቨርስቲ እ.ኤ.አ. በ1858 የትም ቦታ ያጠና ሰው ፈተናውን ካለፈ ዲግሪውን እንዲያገኝ ፈቀደ። ይሁንና ዩኒቨርስቲው ለእነዚህ ተማሪዎች ይፈትናቸው ነበር እንጂ አያስተምራቸውም ነበር። መጽሐፍ መፈለጉ፣ መረዳቱና ተስፋ አለመቁረጡ የተማሪው ፋንታ ነበር። በደቡብ አፍሪካም እ.ኤ.አ. በ1873 የተቋቋመው የኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ ዩኒቨርስቲ በመጀመሪያ ፈታኝ ብቻ ነበር፤ በ1916 የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርስቲ ተባለ፤ በ1946 ደግሞ የመማሪያ ጽሑፍ እያዘጋጀ፣ የቤት ሥራ እያረመ በፖስታ የሚያስተምር ሆነ። መቀመጫውን በፕሪቶሪያ ያደረገውና ዛሬ «ዩኒሳ» በሚል አጭር ስም የሚጠራው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በአዲስ አበባ ኮልፌ የውትድርና ሥልጠና ያገኙት ኔልሰን ማንዴላ፣ ከዚህ ዩኒቨርስቲ የሕግ ዲግሪያቸውን የተቀበሉት በ1989፣ ገና እስረኛ ሳሉ ነበር። ከእስር ቤት የሚበልጥ ርቀት ባለመኖሩ ይህ ለርቀት ትምህርት ትልቅ ምስክር ነው። ሆኖም ማንዴላ ያጠኑት ሕግ መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ የሕግ አንቀጽ በፖስታ ቢላክ አንድ ፊደል አይጎድልበትም።

በኢትዮጵያ ይህ የትምህርት ዘዴ አስቀድሞ የታወቀው «የተልእኮ ትምህርት» በሚል ስም ነው። ስሙ «ርቀት» ከሚለው ቃል ይልቅ ነገሩን በሚገባ ይገልጻል፤ ላኪ፣ ተላኪና ተቀባይ እንዳሉት ያስታውሳልና። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በዚህ ዘዴ የተደረገው ሙከራ ሳይዘልቅ ቀረ። ወደ ኢሉባቦር ከፖስታው ይልቅ ቀድሞ የደረሰው ራዲዮ ነው። ከጌጃ ዴራና ከሐረር ማሰራጫዎች ጋር በስም የሚጠቀሰው 100 ኪሎዋት ኃይል ያለው የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫ በመቱ ተተክሎ ነበር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም፣ ኋላ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው፣ ትምህርት ወደ ሰው መንደር ሊሄድ እንደሚችል ሕዝቡን አሳመነ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ ሰርተፊኬት የነበራቸው የአንደኛ ደረጃ መምህራን ከሥራቸው ሳይነሡ ዲፕሎማ እንዲይዙ በርቀት ማስተማር በአገሪቱ በሰፊው ተሠራበት። በዚህ ምክንያት የማስተርስ ዲግሪ በርቀት መማር ሲመጣ በየትንሹ ከተማ ያለው መምህር ሞጁልም ሆነ የቤት ሥራ እንግዳ አልሆነበትም።

የምክር አገልግሎት ሙያ ራሱ የመጣበት መንገድ ለዚህ መጽሔት አንባቢያን የሚያስገርም ነገር አለው። በአሜሪካ የሥራ ምርጫ ምክርን በሥርዓት የጀመረው ፍራንክ ፓርሰንስ መሐንዲስ ነበር። በኮርኔል ዩኒቨርስቲ ሲቪል ምሕንድስና ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1873 ተመርቆ፣ በባቡር ሐዲድ ሥራ ተቀጠረ፤ ድርጅቱ በዚያ ዘመን በደረሰው የገንዘብ ቀውስ ከሰረና ሥራ አጥ ሆነ። ኋላም መምህርና ጠበቃ ከሆነ በኋላ፣ በ1908 በቦስተን ለወጣቶች የሥራ ምክር የሚሰጥ ቢሮ ከፈተ። ሐሳቡ የመሐንዲስ ሐሳብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የሰውየውን ችሎታ ለካ፣ የሥራውን ጠባይ አጥና፣ ሁለቱን አገናኝ የሚል ነበርና። ይህ ዓይነቱ ምክር በመጽሐፍና በመለኪያ ሊጠና ይችላል። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ካርል ሮጀርስ ግን እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው። ለእርሱ ዋናው ነገር መለካትና መምራት ሳይሆን ማዳመጥ ነው። ሮጀርስ ከተመካሪዎች ጋር የሚደረገውን ንግግር በሸክላ እየቀረጸ ለማስተማሪያ አዋለው፤ በዚያው መጽሐፍም አንድ ሙሉ የምክክር ሂደት ቃል በቃል አስፍሮ አወጣ። የተቀረጸ ድምፅ መኖሩ ኋላ ለርቀት ትምህርት ምን ያህል እንደሚጠቅም በዚያን ጊዜ ያሰበው ሰው ስለመኖሩ ያጠራጥራል።

በአገራችን ለዚህ ሙያ የተከፈቱት በሮች ጥቂት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በ1970ዎቹ ተዘግቶ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ በማስተርስ ደረጃ ዳግመኛ የተከፈተው በ2004 ነው፤ መካከሉ አንድ ትውልድ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት በ1978 ሥራ ቢጀምርም፣ ተማሪው አዲስ አበባ መቀመጥ ነበረበት። ሙያውን ወደ ገጠር ከተሞች ያደረሰው ዩኒቨርስቲ ሳይሆን በሽታ ነው። የኤች አይ ቪ ምርመራ ከምክር ጋር እንዲሰጥ በተደረገ ጊዜ፣ «ካውንስለር» የሚለው ቃል በየጤና ጣቢያው በር ላይ ተጻፈ። በዚያ ክፍል የተቀመጡት ነርሶች በአብዛኛው አጭር ሥልጠና ብቻ የወሰዱ ነበሩ፤ ሞትን የሚያህል ወሬ ለሰው እንዲነግሩ ግን ኃላፊነት ተጣለባቸው። ከእነዚህ ውስጥ ለሙያው ተጨማሪ ትምህርት የፈለገ ሰው ቢኖር ዝናና ማዕርግ ፍለጋ ነው ብሎ መጠርጠር ደግ አይደለም።

የውጭ አገር ዩኒቨርስቲዎች የገቡት በዚህ ጊዜ ነው። ዩኒሳ እ.ኤ.አ. በ2007 በአዲስ አበባ አቃቂ የትምህርት ማዕከል ከፈተ። በሕንድ ፓርላማ ሕግ በ1985 የተቋቋመው የኢንድራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርስቲ ደግሞ፣ ከቅድስት ማርያም ጋር ተባብሮ፣ የሶሻል ወርክ ትምህርትን ጨምሮ የማስተርስ ፕሮግራሞችን በርቀት ማስተማር ጀመረ። ይሁን እንጂ የሌላ አገር ዩኒቨርስቲ የራሱን የጊዜ ሰሌዳ ይዞ ይመጣል። የሕንዱ ዩኒቨርስቲ ዋና ፈተናዎች በጁንና በዲሴምበር ናቸው፤ ይህም ለኢሉባቦር ሰው አንዱ ክረምቱ ሲበረታ፣ ሌላው ቡና ሲለቀምና ሲሰጣ ማለት ነው። ፈተናው ኒው ዴልሂ ሲወሰን የያዮን ቡና ያሰበ የለም፤ ሊያስብም አይጠበቅበትም።

በነሐሴ 2002 ዓ.ም. ነገሩ ሁሉ ከመሠረቱ ተናጋ። የትምህርት ሚኒስቴር የጥራት ጉድለትን ምክንያት አድርጎ የርቀት ትምህርትን የሚያግድ መመሪያ አወጣ። ክርክርና ድርድር ተደርጎ ከጊዜ በኋላ እገዳው ቢነሣም፣ በየገጠሩ ከተማ መንገድ የጀመረ ተማሪ ያለ መድረሻ የሚቀር መስሎት የሰነበተበት ወቅት ነበር። የሚኒስቴሩ ስጋት መሠረት የለሽ አልነበረም፤ የቤት ሥራን በገንዘብ የሚያሠራ ተማሪና ሳያነብ የሚያርም አራሚ መኖራቸውን ማንም አይክድም። ነገር ግን አንዱ ድልድይ ደካማ ነው ተብሎ መንገዱ በሙሉ ሲዘጋ፣ የሚቀጣው ከመንገዱ መጨረሻ ያለው ነው። አዲስ አበባ ያለው ተማሪ የማታ ክፍል ይገባል፤ ያዮ ያለው ሌላ አማራጭ የለውም።

የምክር ሙያ ዋና ችግር ግን ከመመሪያም ከፈተና ቀንም የጠለቀ ነው። ድልድይ ሠሪ ስሌቱን ከመጽሐፍ ይማራል፤ የሠራው ሥራ ጭነት ሲያርፍበት ደግሞ ስሕተቱ በዓይን ይታያል። የአማካሪ ስሕተት አይታይም። በልቡ የቋጠረውን ሊናገር መጥቶ በአንዲት የችኮላ ቃል አፉን የዘጋ ሰው አመስግኖ ይሄዳል፤ አማካሪውም የረዳው ይመስለዋል። ይህን የሚያርም፣ ከጎኑ ተቀምጦ ወይም የተቀረጸውን ሰምቶ «እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብህ» የሚል ልምድ ያለው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህም በሙያው የታወቁት ፕሮግራሞች፣ በርቀት የሚሰጡትም ጭምር፣ ተማሪው በሐኪም ቤት፣ በትምህርት ቤት ወይም በመሰል ድርጅት በባለሙያ ቁጥጥር የተግባር ልምምድ እንዲያደርግ ያስገድዳሉ። ንድፈ ሐሳቡና ስታቲስቲክሱ በፖስታ ይመጣሉ፤ ተቆጣጣሪው ግን በፖስታ አይመጣም።

በያዮ ዙሪያ ምክር የሚሰጥ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። በኦሮሞ ባህል ጃርሱማ አለ፤ የአገር ሽማግሌዎች የተጣሉትን ያስታርቃሉ፣ የበደለውን ያስክሳሉ። ክርስቲያኑ የንስሐ አባት፣ ሙስሊሙ ሼሁ አለው፤ ጎረቤት ከጎረቤት በቡና ላይ ይመካከራል። አዲሱ ሙያ እነዚህን ሊተካ የመጣ ከመሰለው ገና ሲጀምር ወድቋል። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። ሽማግሌ በመጨረሻ ይፈርዳል፤ ፍርዱም በአደባባይ ይታወቃል። አማካሪ አይፈርድም፤ የሰማውንም አይናገርም። ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ ይህ ሁለተኛው ግዴታ ከባድ ነው። ወደ አማካሪው ቤት ስትገባ የታየች ሴት ምሽት ሳይደርስ ወሬዋ ይደርሳል፤ መምህሩም ጠዋት የሰማውን ምሥጢር ይዞ ከሰዓት በኋላ ከባለምሥጢሩ አባት ጋር በዕድር ይቀመጣል። በለንደንም ሆነ በፕሪቶሪያ የተጻፉ ሞጁሎች ምሥጢር ስለ መጠበቅ ብዙ ቢሉም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቡት ሰው ከሰው የማይተዋወቅበትን ትልቅ ከተማ ነው። በዚህ በኩል የያዮው ተማሪ ከመምህሮቹ የሚማረው ብቻ ሳይሆን ለመምህሮቹ የሚጽፈው ነገርም አለው።

ፍላጎቱም የቅንጦት አይደለም። ኢሉባቦር በ1977 ዓ.ም. በረሃቡ ምክንያት ከወሎና ከሌሎች ቦታዎች የመጡ ሠፋሪዎችን በብዛት ተቀብላለች። በያዮ የድንጋይ ከሰልን መሠረት አድርጎ ሊሠራ የታቀደው የማዳበሪያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 አካባቢ በብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን እጅ ሲጀመር ገበሬዎች ከመሬታቸው ተነሥተዋል፤ ፋብሪካው ግን ሳይጠናቀቅ ቀረ። በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ የአፈር ምርመራና የውኃ ጥናት እንደሚደረግ መሐንዲሶች ያውቃሉ፤ ከቡናው ሥር ለተነቀለ ሰው የሚሆን ምክርና ድጋፍ ግን በዝርዝር ዋጋው ውስጥ ብዙ ጊዜ ቦታ አያገኝም።

ኢንተርኔት ከመጣ ወዲህ ሞጁሉ በስልክ ይደርሳል፤ ከተቆጣጣሪ ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ በምስል መነጋገርም ተችሏል። ይህም ቢሆን መስመሩ እንደ ጥንቱ መንገድ ይቋረጣል፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከጁን 2020 መጨረሻ ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር። ከዚህ የበለጠ ለያዮ ተማሪ የሚቀርበው በአካባቢው ያደገው የሰው ኃይል ነው። በጅማ ዩኒቨርስቲ የሥነ ልቡና መምህራን አሉ፤ በመቱ ሆስፒታል አለ፤ የመቱ ዩኒቨርስቲም እ.ኤ.አ. በ2011 ተቋቁሟል። ፕሪቶሪያ ወይም ኒው ዴልሂ ያለው ዩኒቨርስቲ ዲግሪውን ቢሰጥም፣ የተማሪውን የልምምድ ሰዓት ቆጥሮ፣ ያደመጠውን አዳምጦ፣ በመዝገቡ ላይ ፊርማውን የሚያኖር ሰው መገኘት ያለበት በዚሁ መንገድ ላይ፣ በአውቶቡስ ሄዶ ለመመለስ በሚቻልበት ርቀት ነው።