የካርቱም ሕፃናትና የምግባር ትምህርት

በምሠራበት ማሠልጠኛ የሚማር አንድ እጩ መምህር በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሲለማመድ ለመታዘብ ሄጄ ነበር። ትምህርቱ ስለ ምጽዋት ነበረ። ሕፃናቱ ሃይማኖት ያለ ምግባር ከንቱ መሆኑን በአንድ ድምፅ ሲያሰሙ ደስ ያሰኙ ነበር፤ ነገር ግን በኋለኛው ወንበር እርሳስ የሌለው አንድ ልጅ ደወል እስኪደወል ድረስ ባዶ እጁን ተቀመጠ፤ ከጎኑ ካሉት አንድ ስንኳ ዘወር ብሎ ያየው አልነበረም። እኔም ታዛቢ ነኝ ብዬ ዝም አልሁ።

ይኸንን እያሰላሰልሁ ስለ ሱዳን ሚሲዮን ታሪክ ያነበብሁት ትዝ አለኝ፤ በካርቱም ከተማ ይኸው ነገር በቃል ሳይሆን በሰው ሕይወት የተፈተነበት ዘመን ነበረና። (የዘመኑ ቁጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ዳንኤል ኮምቦኒ የተባለው ኢጣሊያዊ ካህን በ1858 ካርቱም ሲገባ፣ ከተማይቱ የጥቁርና የነጭ ዓባይ መገናኛ ብቻ ሳትሆን የባሪያ ንግድ መተላለፊያም ነበረች። ከኑባ ተራሮች፣ ከነጭ ዓባይ ዳርቻ፣ በመተማም በኩል ከአገራችን የተነጠቁ ልጆች ይሸጡባት ነበር። በዚያው ዘመን በቬሮና ከተማ ኒኮላ ማዛ የሚባል ካህን ከባርነት የተዋጁትን ሕፃናት ወደ ኢጣሊያ እያስመጣ ያስተምር ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበረ፤ ሆኖም የአገሩ ብርድ ስላልተስማማቸው ብዙዎቹ ታመው ሞቱ። ወደ ሱዳን የወረዱትም ካህናት በንዳድ ረገፉ። ቸርነት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ታየ።

ኮምቦኒ በ1864 ያወጣው ዕቅድ ከዚህ ኀዘን የተወለደ ነው፤ ይኸውም አፍሪካን በአፍሪካውያን ማዳን፣ ልጆቹንም በዚሁ በአህጉራቸው አስተምሮ ለወገናቸው መምህራንና አስታማሚዎች ማድረግ ነበረ። በ1867 ወደ ካይሮ ሲመጣ በአውሮፓ የተማሩ 16 ጥቁር ልጃገረዶች አብረውት ነበሩ።

ከእነርሱ አንዲቱ ፎርቱናታ ኳሼ ናት። በኑባ አገር ተወልዳ በሕፃንነቷ ተሰርቃ የተሸጠች፣ ተዋጅታም በቬሮና የተማረች ልጅ ነበረች። በካይሮ ልጃገረዶችን አስተማረች፤ ከዚያም ወደ ሱዳን ተሻግራ ኮምቦኒ ባቋቋመው የደናግል ማኅበር ከሱዳናውያን የመጀመሪያይቱ መነኩሲት ሆነች። በማህዲ ጦር ተማረከች፤ በኋላም አምልጣ ወደ ካይሮ ተመለሰች፤ በ1899 አረፈች። እኔን የሚያስደንቀኝ መከራዋ አይደለም፤ የተረዳች ልጅ ሆና ሳለች አመስጋኝ ሆና ብቻ እንድትቀር አለመደረጓ ነው። ሥራ ተሰጣት፤ አደራም ተጣለባት።

እኛ ግን ርኅራኄን ስናስተምር ያለው ልጅ ለሌለው ልጅ የሚያደርገው ነገር አድርገን እናቀርበዋለን፤ ተቀባዩ ሁልጊዜ ተቀባይ ነው። የአገራችን የቆሎ ተማሪ እንኳ እንዲህ አልነበረም፤ በየደጁ ቁራሽ ለምኖ የተማረው ልጅ በስተኋላ መሪጌታ ሆኖ የዚያውኑ ሕዝብ ልጆች ያስተምር ነበር።

ኮምቦኒ በ1881 ካርቱም ላይ ሞተ። ከተማይቱ በ1885 በማህዲ ጦር እጅ ስትወድቅ ሚሲዮኑ ፈረሰ፤ ከ1898 በኋላ ግን ተመልሶ ተቋቋመ፤ ኮምቦኒ ኮሌጅም በ1929 ተከፈተ። ከተማሪዎቹ የሚበዙት ሙስሊሞች ስለነበሩ፣ ክርስቲያኑ ልጅ ምግባሩን የሚያሳየው ሃይማኖቱ ለተለየ የክፍል ጓደኛው ነበረ። ከዚህ የተሻለ የፈተና ወረቀት አላውቅም።

በሚያዝያ 2023 ጦርነት በተነሣ ጊዜ ኮሌጁ ካርቱምን ለቅቆ በፖርት ሱዳን ማስተማሩን ቀጠለ። በከተማይቱ የቀሩት ወጣቶች በየሰፈሩ የጋራ ወጥ ቤት አቋቁመው ረኃብተኛውን ሃይማኖቱን ሳይጠይቁ መገቡ፤ መጋቢዎቹም ራሳቸው ቤታቸው የተዘረፈባቸው ነበሩ።

ከዚያ ልምምድ ወዲህ፣ ስለ ምጽዋት ለማስተማር የሚዘጋጀውን እጩ መምህር ሁለት ነገር እጠይቀዋለሁ። ከክፍልህ እርሳስ የሌለው ማን ነው? እርሱስ ለጓደኞቹ ሊያደርግላቸው የሚችለው ምንድን ነው? ለሁለተኛው ጥያቄ ፈጥኖ የመለሰልኝ ገና የለም።